ቆላ ላይ የታጠነ ኅዳር

ቄስ አለምሰገድ ስብከት ሲጀምሩ ያየ ብዙ ነው፤ ሲጨርሱ ያየ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ከሽንፋ ወንዝ ወዲህ ያለችው የገብርኤል አጥቢያ ሰው ራሱ እየሳቀ የሚያወራው ነው። አንዷ ሴት ስብከቱ ሲጀመር ተነስታ፣ ቤቷ ደርሳ፣ ድስቷን አማስላ ስትመለስ ቄሱ ገና መግቢያውን እያገባደዱ ነበር ይባላል።

ቢሆንም ሰው ይወዳቸዋል። ከእሳቸው በፊት የመጡት ሁለት ካህናት አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ ወባውን ሸሽተው ዓመት እንኳ አልደፈኑም። እሳቸው ግን ከጎጃም ደጋ ወርደው ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ወባው ሦስት ጊዜ ጥሏቸው ሦስት ጊዜ ተነስተዋል፤ ያለፉትን ሁለት ኅዳሮችም ተኝተው ነው ያሳለፉት። ልጅ የሚያጠምቅለት፣ ለሞተበት ፍትሐት የሚያደርስለት ካህን አጥቶ የኖረ ሰው ስብከት ረዘመብኝ ብሎ አያማርርም። ተመስገን ብሎ፣ ደህና ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል።

ቄሱ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት በዓመቱ ዘመናት ላይ መስበክ ነው። ክረምት ሲገባ ስለ ዝናብና ስለ ዘር፣ ዘመነ ጽጌ ሲገባ ስለ አበባ። ዘንድሮም አርባውን ቀን ሙሉ ሜዳውን ስላለበሰው አደይ ሲያስተምሩ ሰነበቱና፣ በመጨረሻው እሑድ እትዬ አሰፋች ጠጋ ብለው፣ «አባ፣ የሚሉት አበባ ደጋ ቀርቷል። እዚህ ያለው ሰሊጥ ነው፤ እሱም አበባውን በነሐሴ ጨርሶ፣ ይኸው ታጭዶ ቆሟል» አሏቸው። ቄሱም ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ከልባቸው ነው።

እትዬ አሰፋች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሠላሳ ዓመት ቆላ የኖሩ፣ ሁለት ሄክታር ሰሊጥ ይዘው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ዘንድሮ ዘግይተው ስለዘሩ የሌላው ሰው ሰሊጥ ተራግፎ ጆንያ ሲገባ የእሳቸው ገና ሂላ ላይ ነበር። ሂላ የሚባለው የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ጫፍና ጫፉ ተደጋግፎ፣ እስኪደርቅ ድረስ ማሳው ላይ የሚቆመው ነው። ሰሊጥ እንግዲህ ዘይት ነው። የደረቀ ሂላ እሳት ከነካው ለወሬ ነጋሪ አይተርፍም።

ኅዳር ስምንት እሑድ ዋለ። አርባዕቱ እንስሳ የሚከበሩበት ቀን ነውና ቄስ አለምሰገድ ደስ እንዳላቸው ሞንታርቦውን አስከፈቱ። መንበሩን ስለሚሸከሙት አራቱ እንስሳ፣ የሰው መልክ ያለው ለሰው፣ የአንበሳው ለዱር አራዊት፣ የላሟ ለከብት፣ የንስሩ ለወፎች እንደሚለምን ተናገሩ። «በሰማይ ለጅብና ለቆቅ የሚለምን ካለ፣ በምድር እኛ ምን እያደረግን ነው?» አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጤሰው ዕጣን ከየት እንደሚመጣ ጠየቁና ራሳቸው መለሱ፤ ከዚያ ከጋራው ነው፣ ከምንቆርጠው ዛፍ። የአረም ኬሚካል የያዘ ጀሪካን ሽንፋ ወንዝ ላይ የሚያጥብ ሰው፣ የገዛ ከብቱን ውሃ እየመረዘ መሆኑን ነገሩት። ዛፉም፣ ውሃውም፣ አፈሩም አደራ ነው፤ ሰጪው አንድ ቀን እንዴት ያዛችሁት ማለቱ አይቀርም አሉ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ማንም ድስት ለማማሰል አልተነሳም። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፍተው የእርሻ ዕቃ የሚሸጡት ሐጂ ሐሚድ እንኳ በሞንታርቦው ሰምተው ኖሮ፣ በማግስቱ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወንዙ ዳር የተጣለውን ባዶ ጀሪካን ሲያስለቅሙ ዋሉ። ቄሱ ይህን ሲያዩ አምላካቸውን አመሰገኑ።

ጥፋቱ የመጣው በስብከቱ ማለቂያ ላይ ነው። «ሐሙስ ሚካኤል ነው» አሉ ቄሱ፤ «ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። ግቢያችሁን፣ ደጃችሁን፣ መንገዱን ጥረጉ። የጠረጋችሁትን ከምሩና አቃጥሉ። በሽታው በጢሱ ይውጣ።»

እትዬ አሰፋች ሰው እስኪበተን ጠብቀው ወደ ቄሱ ሄዱ። «አባ፣ ጠረጋው ደግ ነው። እሳቱ ግን ይቅር። እኛ እዚህ ኅዳርን አናጥንም፤ ጠርገን ጉድጓድ ነው የምንቀብር» አሉ።

«ምነዋ እትዬ አሰፋች፤ ኅዳር ካልታጠነ ምኑን ኅዳር ሆነ?» አሉ ቄሱ። ከዚያም ያ የኅዳር በሽታ በአያቶቻችን ዘመን እንዴት አገር እንደጨረሰ፣ ሰው በየደጁ እያጠነ እንዴት እንደተረፈ፣ አንድ በአንድ ዘረዘሩላቸው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። እትዬ አሰፋች እግራቸው ሲዝል፣ «እሺ አባ፣ ይሁን» ብለው ቤታቸው ሄዱና ጉድጓዳቸውን ቆፈሩ።

ቄሱ ልክ ነበሩ፤ ግን ለደጋ ነው። ደጋ ላይ በኅዳር ሣሩ ገና እርጥብ ነው፤ ጤዛው እስከ ረፋድ አይለቅም። የተከመረ ቆሻሻ ቢለኮስ ቀኑን ሙሉ ጢሱን እያትጎለጎለ ይውላል እንጂ የትም አይሄድም። ልጆች ሳይቀሩ ይዘሉበታል። ቆላ ላይ ግን በኅዳር ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሰበብ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሦስት ዓመት ቆላ የኖሩት ሰው ይህን ማየት ነበረባቸው። እግራቸው ቆላ ወረደ እንጂ ልባቸው ገና አልወረደም ነበር።

ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ጢሱ በየቦታው ተነሳ። ቄሱም ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አሮጌ እሾህና የተቀዳደደ ሰሌን ከምረው የራሳቸውን ለኮሱ። ነደደና ዝቅ አለ። የያዙትን ግማሽ ጀሪካን ውሃ አፈሰሱበት። መሀሉ ግን አልጠፋም፤ ሌላ ውሃ ላምጣ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ አንድ ሰው፣ «አባ፣ የነቢያት ጾም ዘንድሮ መቼ ነው የሚገባ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እሑድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ቄስ አለምሰገድ ግን ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ነቢያት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደጾሙ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የቀትሩ ነፋስ ሲነሳ ገና ከኢሳይያስ አልተላቀቁም ነበር። አንድ ሰው «እሳት» ሲል ተሰማ። ዞር ቢሉ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሣር ይነድዳል። ከአጥሩ ቀጥሎ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ዳስ ነበር፤ እሱን እሳቱ አፍታ ሳይቆይ በላው። ከዳሱ ወዲያ የሐጂ ሐሚድ የደረሰ ማሽላ አለ። ከማሽላው ወዲያ የእትዬ አሰፋች ሂላ።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ቸሩ ነው። ቸሩ የወሎ ሰው ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አገሩ ትቶ አምስት ዓመት ሙሉ ለሰሊጥ የተመላለሰ፣ ዝምተኛ ሠራተኛ። ጆንያ ውሃ ነክሮ እሳቱን መምታት ያዘ። ጆንያው ሲደርቅበት በእግሩ፣ እግሩ ሲያቅተው የሚነድደውን ሣር በእጁ እየነቀለ ወደ ኋላ ወረወረ። ሌላውም ሰው ቅጠል ቆርጦ ገባ። እሳቱ ግን ከሰው ይፈጥናል።

ያኔ ነው ሐጂ ሐሚድ በትራክተር የመጡት። ሾፌራቸው ሸሕዲ ከተማ ሄዶ ነበርና ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ወጥተዋል። የትራክተሩን ዲስክ ማረሻ አወረዱና የገዛ ማሽላቸው መሀል ገቡ። ዘለላው ያዘነበለ፣ ለአጨዳ ሳምንት የቀረው ማሽላ ከጎማው ስር እየተኛ አፈር ለበሰ። ሄደው ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ።

«ሐጂ፣ ኧረ ማሽላው» አላቸው አንድ ሰው።

«ማሽላ ለከርሞም ይዘራል። ኸላስ፣ በቃ፣ ከፊቴ ዞር በሉ» አሉና ለአራተኛ ጊዜ ዞሩ።

እሳቱ የታረሰው ባዶ አፈር ላይ ሲደርስ የሚበላው አጣ። ጥቂት ተንጣጣና ተኛ። አንደኛው ክንፉ ወደ ጋራው ወጥቶ የጥቂት ዕጣን ዛፎችን እግር ለበለበ፤ እዚያም ድንጋያማው መሬት ያዘው። የእትዬ አሰፋች ሂላ አንድ ነዶ ሳይጎድል ቆሞ ቀረ። እትዬ አሰፋች መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እየወረደ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይሉ ነበር።

ቄስ አለምሰገድ ግን ጓሮ ዞሩ። ከክምራቸው የተነሳው ጥቁር መስመር በአጥሩ ስር ሾልኮ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሠራተኞቹ ዳስ ይሄዳል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አጥሩን ይዘው ቆሙ።

ወደ ሰው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። እሳቱ ዳሱ ጋ ነው የታየው፤ ዳሱ ውስጥ በዚያ ቀን ለጓደኞቹ ምሳ የሚያበስል ቸሩ ነበር፤ ስለዚህ ከቸሩ ምድጃ ነው የወጣው። ሰው ሲደነግጥ አጥፊ ይፈልጋል፤ እንግዳ ሰው ደግሞ ቅርብ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ሊያባርሩት፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ሸሕዲ ድረስም ልከው ይህን እሳት ለኳሽ ማንም እንዳይቀጥረው ሊያስነግሩ ተስማሙ። ቸሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ። ለአንድ ጥያቄ አንድ ሰዓት የሚመልሱት ሰው አንድ ቃል አጡ። ነገ እናገራለሁ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ አልተናገሩም። ለራሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ሞልቶ ነበር፤ ካህን ከተዋረደ ቤተ ክርስቲያኗ ትዋረዳለች፣ እኔ ከሄድኩ ሌላ ካህን አይመጣም፣ ሕፃናቱ ያለ ጥምቀት ይቀራሉ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር፤ ተሰብስቦ ግን ውሸት ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነስተው ጤና ኬላው ሄዱ።

ቸሩ ከበሩ ጥላ ስር ተቀምጧል። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቄሱን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አሉና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ቸሩ፣ የምነግርህ ነገር አለ።»

«አውቄዋለሁ፣ አባ» አለ ቸሩ።

«ምኑን?»

«ውሃ ቀድቼ ስመለስ አይቻለሁ። ከእርስዎ ክምር ነው የወጣው። በአጥሩ ስር ሲሾልክ ሮጥኩ፤ አልደረስኩበትም።»

ቄሱ ዞር ብለው አዩት። «ታዲያ ስምህን ሲያጠፉት ቆመህ የምትሰማ ለምንድን ነው?»

«እኔ ሰሊጡ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ። ሸሕዲ ቢዘጋብኝ አብርሃ ጅራ አለ። እርስዎ ግን ለእነዚህ ሰዎች ካህን ነዎት። ደግሞ ባለፈው እሑድ የሰበኩት፣ ለአውሬውም ለወፉም የሚለምን አለ ያሉት፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማታውን ለልጆቼ በስልክ ነገርኳቸው። ይህን ነገር ሰው ካወቀ ነገ እርስዎን ማን ይሰማል ብዬ ነው፣ አባ።»

ቄስ አለምሰገድ አለቀሱ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ያፈሩትን ያህል ደግሞ አመሰገኑ፤ ሁለቱ ተቀላቅሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራሳቸውም አልለይ አላቸው። ሚስት ልጅ ያለው ሰው፣ የተቃጠለ እጁን ታቅፎ፣ ለእሳቸው ስብከት ሲል ስሙን ሊሰጥ ተቀምጧል። በዕድሜያቸው ብዙ ደግ ሰው አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠማቸውም።

«ይማርህ» ብቻ ብለውት ተነሱ።

እሑድ ኅዳር አሥራ አምስት ጾሙ ገባ። ቅዳሴው አልቆ ሰው በግቢው ዛፍ ስር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ሐጂ ሐሚድ ማሽላቸው የጠፋባቸው ናቸውና ሽማግሌዎቹ ጠርተዋቸው ከበሩ ላይ ቆመዋል። ቸሩ ከአጥሩ ጥግ ነው፤ አጠገቡ ሰው የለም። ስለ ጾም ረጅም ትምህርት የጠበቀ ሰው ሁሉ ድንጋዩን አመቻችቶ ተቀመጠ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

«ወገኖቼ፣ እሳቱን ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያም ቀጠሉ።

«እትዬ አሰፋች እዚህ እሳት አይለኮስም ብለውኝ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ ብዬ አልሰማኋቸውም። ክምሬን ሳላጠፋ ወሬ ያዝኩ። እሳቱ ከእኔ ክምር ወጥቶ የእነዚህን ሠራተኞች ቤት በላ። ቸሩ አልለኮሰም፤ ቸሩ እሳቱን ሊያጠፋ የደረሰ ነው። ከእኔ ክምር መነሳቱን አይቶ፣ እኔ እንዳልዋረድ ብሎ ሦስት ቀን ጥፋቴን ተሸክሞልኛል። እኔም አውቄ ሦስት ቀን አሸክሜዋለሁ። ሐጂ ሐሚድ ማሽላቸውን ያረሱት የእኔን ጥፋት ሊያቆሙ ነው። ፍጥረትን ጠብቁ ብዬ አስተማርኳችሁ፤ ለመጠበቅ የደረሱት እነሱ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔን ይቅር በሉኝ።»

ይኸው ነበር። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊናገር ከጀለና ተወው። ደጋግሞ የቸሩን ስም ያነሳው እሱ ነበር፤ አሁን መሬት መሬት ያያል።

የተነሱት እትዬ አሰፋች ናቸው። ሰው ሁሉ፣ ነግሬዎት አልነበር ሊሉ ነው ብሎ ጠበቀ።

«አባ» አሉ። «እኛ ስናጠፋ ይፍቱኝ እያልን ወደ እርስዎ ነው የምንመጣ። እርስዎ ሲያጠፉ ደግሞ ወደ ማን ይሂዱ? እኔ እንደሆን ሂላዬ ቆሞልኛል፤ የምይዝብዎ ነገር የለኝም። የተበደለ እሱ ነው።» በአገጫቸው ወደ ቸሩ አመለከቱ።

ቄስ አለምሰገድ ሕዝቡን አቋርጠው ሄዱ። መንገድ ለቀቁላቸው። ቸሩ ፊት ሲደርሱ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አወረዱና ጎንበስ አሉ።

«ይፍቱኝ» አሉት። አንተ አላሉትም። ለካህን እንደሚባለው ነው ያሉት።

ቸሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አጥሩ ያዘው። «ኧረ አባ፣ እኔ ማን ሆኜ» አለ። ግራ ቀኝ አየ። የሚያድነው አጣ።

«በል እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ አሰፋች፣ «ሰውዬውን አታቁማቸው።»

ቸሩ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አነሳ፤ የት እንደሚያደርገው አላወቀም። በመጨረሻ የቄሱ ትከሻ ላይ አሳረፈው። አመመው፤ ፊቱ ላይ ታየ። «እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ አባ» አለ።

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ። ከበሩ ላይ ሐጂ ሐሚድም «አሚን» አሉ።

ቄስ አለምሰገድ ያን ቃል በስንት ሰው ላይ እንደተናገሩ ቁጥሩን አያውቁትም። በራሳቸው ላይ ሲወርድ የሰሙት ግን ያን ዕለት፣ ከቸሩ እጅ ስር ሆነው ነው፤ ከጎነበሱበትም ቶሎ ቀና አላሉም።